ያልተነበቡልኝ አራት ገጾች

ውድ ወንድሜ ባንተአምላክ፤

ቆቡን የደፉልኝ የንስሐ አባቴ ቢሆኑም፣ ያስደፋኸኝ አንተ ነህ።

ይህን ማን ጻፈላት ብለህ አትድከም። እኔው ነኝ። ለሥራ ተዛውረህ ቢቸና እኔው ቤት ከገባህ ወዲህ፣ እኔ እዚህ ሞጣ ያንተን ቤትና ልጆች ስጠብቅ፣ ብሩክታይትህ በስድሳ አንድ ዓመቴ ፊደል አስቆጠረችኝ። ማንበብ ያለማመደችኝ ከአልጋህ ሥር ካርቶን ውስጥ በነበሩት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለህ ስምህን በጻፍክባቸው የሳይንስ ልብ ወለዶች ነው።

በአንዱ ውስጥ ሰዎች ሌላ ኮከብ ላይ ባረፈ የሰማይ መርከብ ተዘግተው ይኖራሉ። አካል የሌለው ድምፅ «ውጭው መርዝ ነው፤ በሩን የነካ ይሞታል» ይላቸዋል። አንዲት ባልቴት የሌላ ሰው ልጆች ስታሳድግ ታረጃለች።

«ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አልኳት ልጅህን።

«ከየት ያውቋታል እማሆይ? ሌላ ኮከብ ላይ እኮ ናት። ሞጣ መጥታ አታውቅም።»

የማውቃት ከአንተ ነበር። ባሌ በሞተ በዓመቱ ቢቸና እየመጣህ ገድል ነው ብለህ ያነበብክልኝ ባልቴት ናት። በዋሻ ተዘግታ እናት የሌላቸውን ልጆች ታሳድጋለች፤ መልአኩ «ከዋሻው ደፍ ወዲያ እሳት ነው» ይላታል። ያኔ ፋንታ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልቤም ፈቅዶ ነበር። አንተ አንብበህ ስትጨርስ ግን ሽፋኑን ተሳለምኩ፤ ሽማግሌዎቹን መለስኩ፤ ቆብ ደፍቼ ልጆችህን ላሳድግ መጣሁ።

የልጅነት መጽሐፍህ መጨረሻ ላይ ባልቴቷ በሩን ትከፍተዋለች። ውጭው ነፋሻ ነው፤ ሣር አለው። እዚያ ላይ ጣቴ ቆመ። ሁለቱ መጻሕፍት ይህን ያህል ከተመሳሰሉ ዋሻውም መውጫ ሊኖረው ይገባል አልኩ። ገድል ነው ብለህ የሰጠኸኝን መጽሐፍ ከራስጌዬ አወረድኩት። አሥራ አራት ዓመት ስሳለመው በደበዘዘው ሽፋን ላይ «መንፈሳዊ ልብ ወለድ» ይላል።

አንተ «እዚያው በጸሎት ዐረፈች» ብለህ የምትዘጋው ገጽ ላይ አላረፈችም። አራት ገጽ ይቀራል። መልአኩ ተመልሶ «ልጆቹ አድገዋል፤ በይ ውጪ» ይላታል። ወጥታ ገበሬ ታገባለች።

ሚስትህን ቀብረህ ሦስት ሕፃን እንደታቀፍክ አልረሳሁም። ብትለምነኝ እመጣ ነበር። አንተ ግን አልለመንከኝም፤ መልአክ ላክህብኝ።

የቢቸና መኪና በየጠዋቱ በደጃችን ያልፋል። ፋንታ ሌላ አግብቶ ልጆች ወልዷል። ቤቴ ያለኸው አንተ ነህ። ቆቡን አላወልቅም፤ የተሳልኩት ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ላንተ አይደለም። በሩን አገኘሁት፤ የምሄድበትን ግን አጣሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ለፋሲካ ስትመጣ መጽሐፉን ራስጌዬ አትፈልገው፤ ካርቶኑ ውስጥ ከሰማይ መርከቡ ጎን አስቀምጬዋለሁ። እንደ ልማድህ ልጆቹን ሰብስበህ ልታነብ ብትል የሚከለክልህ የለም። ስትጨርስ ግን ወደ እኔ አትዘርጋው። ከእንግዲህ አልሳለመውም።

እኅትህ አመተ ሥላሴ