ላይ ቤት ይሰረዝ ወይስ ይቆይ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ሱቅ ከፍቻለሁ። ዘይት ቀድቼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ጽሑፌ ላይ ቀይ ምልክት ተለጥፏል፤ ለመሰረዝ ቀርቧል፣ ሰባት ቀን ውይይት ይደረግበታል ይላል። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነው፣ ደብተሬ። በዚህ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ማንም መጻፍ ይችላል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለካ ማንም ይሰረዝ ማለትም ይችላል።

የጻፍኩት ስለ ላይ ቤት ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ጉብታው ላይ ያለችው የሣር ክዳን መስጊድ። አጠገቧ የመሥራቹ መቃብር አለ። ድሮ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ይቀራባት ነበር። ክዳኗ ሲያረጅ እስላሙም ክርስቲያኑም ሣር ተሸክሞ ይወጣላታል።

ይሰረዝ ያለው ሰው ራሱን «ነጭ ብዕር» ብሎ ይጠራል። ክፉ አይመስልም። በአንድም መጽሐፍ አላገኘኋትም፣ ጸሐፊዋ ከራሷ ነው ያመጣችው ይላል። እውነቱን ነው። የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ጉድ ሆንኩ። ጅዳ ላለችው ለእህቴ ልጅ ለዘሀራ ነግሬያት ነበር። ለአገር ልጆች ሁሉ በትናዋለች። ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ እየገቡ «ይቆይ፣ ማሻአላህ» ይጽፋሉ። አንዱ ለእናቱ ሰላምታ ልኮበታል። አንዷ በጉ ተሸጠ ወይ ብላ ወንድሟን ትጠይቃለች። ሳቄ መጣ።

ነጭ ብዕር ግን አልሳቀም። ይህ የድምፅ ቆጠራ አይደለም፣ መቶ ሰው ቢጮህ አንድ መጽሐፍ አይሆንም አለ። የት እንደተማርኩም ጠየቀኝ። ፊደል የለየሁት ስኳር በተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው ልበለው?

ዘሀራን ተቆጣኋት። ሰው ያነሰሽ መስሎን እኮ ነው አክስቴ፣ አለችኝ። ምን ይሏታል።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ቀኑ እያለቀ ነው። ስልኩን እፈትሻለሁ። «ላይ ቤት» ብዬ ብፈልግ የሰው ቤት ኪራይ ያመጣልኛል።

ከጁምዓ በኋላ ወ/ሮ አበሩ መጣች፤ ጎረቤቴ ናት፣ ሽንኩርት ቸርቻሪ። አባቷ ሣር ከሚሸከሙት ክርስቲያኖች አንዱ ነበሩ። ነገሩን አጫወትኳት። ሽንኩርቷን እየላጠች እንዲህ አለች፦

«ላይ ቤት የምንለው እኮ እኛ ነን። የሩቅ ሰው ምን ብሎ ይጻፋት? እዚያ በተቀበሩት ሰውዬ ስም ፈልጊያ።»

ደነገጥኩ። የሰውየው ስም! አምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ስማቸውን አላውቅም። አበሩም አታውቅም። «እሳቸው» እያልን ነው ያደግነው። የደግ ሰው ስም እንደ ሰፈር ልጅ አይጠራም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ወጣሁ። የመቃብሩ ጠባቂ ሸህ ሙሔ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸውን ንገሩኝ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። በሕይወቴ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ መዝገቡ ቢሰርዛቸው እሳቸው ምን ይጎድልባቸዋል አሉ።

ምንም፣ አልኩ። ግን ደረሳ የለም፣ እርስዎ ሲያልፉ ማን ይነግራል?

«ልትቀብሪኝ ነው የመጣሽ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ አፈርኩ።

ገብተው ቆዩ። በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ኪታብ ይዘው ወጡ። መጨረሻውን ገጽ ገለጡልኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ። የዓረብኛውን ፊደል በልጅነቴ ቆጥሬያለሁ። አንድ በአንድ በልቤ ቆጠርኩት። ስማቸው፣ ያባታቸው ስም፣ የመጡበት አገር። በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።

ልጻፈው ወይ? አልኩ።

«ጻፊው። አትጥሪው።»

ስለዚህ ለአንተም አልነግርህም፣ ደብተሬ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሱቁን ለአበሩ ሰጥቼ ደሴ ወረድኩ። ቤተ መጻሕፍት። በሩ ላይ ያለችው ሴት ተማሪ ነሽ ወይ አለችኝ። ባለሱቅ ነኝ አልኩ። ስኳር ወረቀቴን አየች፣ እኔን አየች፣ አስገባችኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ስለ ወሎ የድሮ የደረሳ ቂርኣት ቤቶች የሚያወሳ መጽሐፍ አወጣች። ከኋላው ያለውን የስም ዝርዝር በጣቷ እየወረደች፣ ቆመች።

አራት ገጽ። ከአርዲቦ በላይ፣ ጉብታው፣ የደረሳው ጎጆ፣ ሌላው ቀርቶ የክርስቲያን ጎረቤቶቹ ሣር! ሌላ ሰው የጻፈው ሁለተኛ መጽሐፍም ግማሽ ገጽ አለው። በሁለቱም «ላይ ቤት» የሚል ቃል የለም። ስማቸው ነው ያለው።

ፎቶ ኮፒውን ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። አሁን ለጥፌዋለሁ። ነገ ያበቃል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ 5፡00

ይቆያል!

ውሳኔው ሁለት መስመር ነው። ነጭ ብዕር ራሱ መጽሐፉን ፈልጎ አይቷል፤ ይሰረዝ ያለውን አነሳ። መጽሐፍ በማያውቃት ስም ፈልጎ የለችም በማለቱ ይቅርታ ጠየቀ። እልል አልኩ። ጨው ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ ልጅ ተወለደ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አበሩ ከሽንኩርቷ ተነስታ ምክንያቱን ሳታውቅ እልልታውን ተቀበለች። አልሐምዱሊላህ።

ርዕሱን «ላይ ቤት» ብዬ ተውኩት። ስማቸው ጽሑፉ ውስጥ አንዴ ብቻ አለ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ነጭ ብዕር ጠዋት ጻፈልኝ። በሌላ አገር ያለች የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለመሰረዝ ቀርባለች፣ ምንጭ የላትም፣ አንቺ ምን ትያለሽ ይላል። እኔን ነው የሚጠይቀው!

ከሰዓት ላይ ቤት ወጥቼ ጽሑፉን ለሸህ ሙሔ አነበብኩላቸው። ጉብታው ጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሣሩ ጋ ፈገግ አሉ። የመሥራቹ ስም ጋ ስደርስ አቆምኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እለፊው» አሉኝ። «እሱ ለማያውቋቸው ነው።»

አለፍኩት።

ስወርድ ስለዚያች ዋሻ ወሰንኩ። ምንም ከማለቴ በፊት ጎረቤቶቿ ምን ብለው እንደሚጠሯት፣ ምን ብለውስ እንደማይጠሯት አጠያይቃለሁ። ከዚያ ስሟን በስኳር ወረቀት ይዤ ደሴ እወርዳለሁ።