ስላልተሳቀበት አንቀጽ ለጉባኤው ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕገ መንግሥት አሻሻይ ጉባኤ ሰብሳቢ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ድምፅዎ እንዳይዘጋ፣ ከሁሉም በላይ ያ ከልብ የሚወጣ ሳቅዎ እንዳይጎድልብን እመኛለሁ። እኔ ጊዜ ያለፈባቸውን አንቀጾች ስትሰርዙ ከሕዝቡ መቀመጫ የኋላው ረድፍ ላይ የነበርኩ ጡረተኛ ነኝ። ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሟች እህቷን ልጅ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷው ናት። ይህን ካስታወቅሁ ዘንድ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አሠራራችሁ። አንቀጹ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ጉባኤው ከሳቀ ይሰረዛል፣ ካልሳቀ ይታለፋል። የገዥው ፈረስ ቀለብ ተሰረዘ፤ የመንገድ ፋኖስ አብሪዎች መሐላ ተሰረዘ፤ ድልድይ ላይ ማፏጨትን የሚከለክለው ሲነበብማ እርስዎ ራስዎ እንባዎን በመሐረብ ጠርገዋል። እሰይ፣ አገር ተገላገለች!

ሁለተኛ፣ መስማት የተሳነው ሰው ሕፃን አያሳድግም የሚለው ተነበበ፤ ማንም አልሳቀም። እጄን ባወጣ፣ ይሄ እኮ የሞተ አንቀጽ ነው፣ ማን ይጠቀምበታል ብለው አጽናኑኝና ለምሳ ተነሣችሁ። ስላጽናኑኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ ልጅቱን ትምህርት ቤት ልታስገባ የአሳዳጊነት ማረጋገጫ ብትጠይቅ፣ ዳኛው የሞተውን አንቀጽ ከነነፍሱ አገኙት። ልጅቱ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። ምን እንደተፈረደ ለጎረቤቴ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ከችሎቱ ደጃፍ ቆሜ፣ በእጄ ምልክት። እንዲህ ያለውን ነገር በእጅ መናገር እርስዎ ላይ አይድረስ። ክቡርነትዎ፣ ይህቺን በትሕትና ለመጻፍ ስንት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አራተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ አልወጣልኝ አለ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚቀጥለው ስብሰባ አንቀጹን እንደገና ያስነብቡልን። ካስፈለገ እኔ እስቅላችኋለሁ።

ለሳቅዎም ለዝምታዎም እኩል ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ከወንበርዎ እንዳይነሡ በመመኘት፣
የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የልጅቱ ጆሮ ደህና ነው፤ አፏም አያርፍም ነበር። ማሳደጊያው ከገባች ወዲህ ግን በአፏ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ በእጇ ብቻ አክስቷን ትጠራለች። የማሳደጊያው ነርስ፣ ይቺ ልጅ መስማት የተሳናት ናት ብላ ወስናለች። እንግዲህ አንቀጹን መሰረዝ ከከበዳችሁ ተዉት፤ አድጋ ስትወልድ ለእሷም ይደርሳታል።