የጋሽ ወልዴ አምስት ነጥቦች

ቦንጋ፣ ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

አስተማሪዬ ጋሽ ወልዴ ካረፉ ወዲህ እኔ ዘንድ የቆየውን ቴሌስኮፓቸውን ለማውጣት ዛሬ ገና ደፈርኩ። ጭጋጉ ሲገፈፍ ማጣሪያውን ገጥሜ ፀሐይን አየሁ። ስምንት ጥቁር ነጥቦች ቆጠርኩ። ልሥላቸው ብዬ ደብተራቸውን ስገልጥ ደነገጥኩ። ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ የሣሉት ያንኑ አምስት ነጥብ ነው፤ ያውም እዚያው ቦታ ላይ። ፀሐይ ስለምትዞር ነጥቦቿ ባሉበት አይቆዩም። ይህን ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። ለካ ዓይናቸው ማየት አቁሞ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ቆሜ እንዴት አላወቅሁም?

ከሰዓት ቴሌስኮፑን ልመልስ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ቁጥሩን ሳይነግረኝ አይቀመጥም ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ስንት ናቸው?»

«አምስት» አልኳቸው።