ማንም ሳይሞት የተከተሉኝ ሴቶች

አያልዬ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን አሥር ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ አርፈሃል። የኛን ልንገርህ። የስፌት መኪናህን ልጃችን ይዞታል። እንዳንተው ጎንበስ እንዳለ ይውላል፤ እኔ ደግሞ በየሰዓቱ እየሄድኩ አስነሳዋለሁ። ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

አንተን ግን አላስነሳሁህም። ሐኪሙ ግፊት አለብህ፣ ሩጫ አላልኩህም፣ ዝም ብለህ በእግርህ ሂድ ባለህ ማግስት ጫማህን አጥልቀህ ልትወጣ ስትል በር ላይ ያዝኩህ። ጉዳይ የሌለው ሰው በጠዋት ባዶ እጁን ሲዞር የማርቆስ ሰው ምን ይላል አልኩህ። ሳቅ ብለህ ተመለስክ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በባጃጅ ሆነ። ያን ቃሌን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን እወቅሳለሁ።

ካንተ በኋላ እኔም ተራዬን ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው ከተበተነም በኋላ ከፍራሹ አልተነሳሁም። አጥሩ ጋ ደርሼ ስመለስ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ስሄድ ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ነርሷም ያንኑ ያንተን ምክር ሰጠችኝ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ፣ ካልቻልሽ በአሥር ደቂቃ ጀምሪ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ ወደ ሉማሜ በሚያወጣው መንገድ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ለካ ጎረቤታችን ጥሩዬ አይታኝ ኖሯል። ሴት በዚያ ሰዓት ነጠላ አዘቅዝቃ ስትጣደፍ ለቅሶ ካልሆነ ምን ይሆናል? እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ። እሷን ያዩ ሦስት ሴቶች ደግሞ እሷን ተከተሉ። አንደኛዋማ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ደርሰውብኝ ማን ነው የሞተው ሲሉኝ፣

«ማንም። እኔ እንዳልሞት ነው» አልኳቸው።

ጥሩዬ ተቆጣች፤ ሊጧን ጥላ ነው የወጣችው። ኋላ ግን ሳቅ አሸነፋት። አንዴ ከወጣን ብለው አብረውኝ ሄዱ፣ እስከ ዛሬም አብረን ነን። ሰፈሩ እንዳይደነግጥ እነሱ አሁን ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የሚወጡት። ስኳሬ ወርዷል። ትንፋሼም ተመልሷል፤ ዳገቱን እያወራሁ እወጣዋለሁ።

ለሙት ዓመትህ ልጆቹ ባጃጅ እንከራይ ብለው ነበር፤ እምቢ አልኩ። መቃብርህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ። ያን ጠዋት ስለመለስኩህም ይቅርታ የምጠይቅህ እዚያው ነው። ስምህን ሳላነሳ የምውልበት ቀን አይኖርም፣ አያልዬ። አንተ ዘንድ ለመቅረት ግን ገና ነኝ፤ ልጆቹ ባንድ ዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያለቅሱ አልፈቅድም። አይቼህ በእግሬ እመለሳለሁ።