ግድግዳው ውስጥ ያለችውና የዘጠኝ ሴቶች ቅቤ

ሰኞ፣ መስከረም 5

ዛሬም ቧጠጠች። ጨው ላወርድ ጓዳ ስገባ ነው የሰማኋት፤ ልክ ቅቤው ከተደረደረበት መደርደሪያ ጀርባ፣ ጭቃው ውስጥ። ክርር፣ ክርር፣ ቆም። ደግሞ ክርር። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እሷም ዝም አለች። እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን።

አይጥ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። አይጥ እንዲህ አይከብድም።

ቅዳሜ ያደረግኩትን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ሲከነክነኝ ይከርማል። ሸለምጥማጥ ሁለት ዶሮ በላችብኝ። ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ «አስቴር፣ በጣራሽና በግድግዳሽ መሀል ቀዳዳ አለ፣ ስትገባበት በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ። መሰላላቸውን ተውሼ ወጣሁና በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። ወርጄም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ሥራዬን አደነቅሁ። ውስጥ ትኖር ይሆን ብዬ አላሰብኩም።

የኛ ቤት ግድግዳው ሁለት ነው። የውስጡ አማቼ የሠሩት ጭቃ ነው፣ የውጪው ባለቤቴ ማርቆስ በኋላ ያስገነባው ብሎኬት። በመሀል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ቀርቷል። ማርቆስ «አየር ያስገባል» እያለ ይኩራራበታል። አስገባ እንግዲህ።

ቅቤው የኔ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልሆንም ነበር። የውጆ ነው፣ የቅቤ ዕቁባችን። ዘጠኝ ሴቶች ክረምቱን ሙሉ ከአፋችን እየነጠቅን ያጠራቀምነው፣ ዘጠኝ ጥቅል፣ በኮባ ተጠቅልሎ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ቤትሽ ቀዝቃዛ ነው፣ አንቺም የታመንሽ ነሽ ብለው ነው የሰጡኝ። የፊታችን ሰኞ ለመስቀል እንካፈላለን። ቅቤ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ሆሳዕና ውስጥ ይህን የማታውቅ ሴት የለችም።

እዚያ ውስጥ ብትሞትብኝስ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ማርቆስ ደወለ። አይሱዙውን ይዞ አዲሎ ነው፣ ጭነት እየጠበቀ። ነገርኩት። «ብሎኬቱን እንዳትነኪ! የሚቀጥለው ሐሙስ ስመጣ አየዋለሁ» አለ። ስትመጣማ የምታየው አጥንቷን ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እንደገና መሰላል። ቅዳሜ የደፈንኩትን ዛሬ በገዛ እጄ ፈነቀልኩ። እንድትወጣበት ረጅም እንጨት ወደ ውስጥ ሰደድኩላት፣ ቀዳዳው አፍ ላይ የዶሮ አንጀት አስቀመጥኩ። ጋሽ መኮንን መሰላሉን ከታች ይዘው «አታስቢ፣ ሸለምጥማጥ ለመውጣት ማን ብሏት» ይሉኛል። ዶሮዬን የበላች አውሬ በዶሮ አንጀት ስለማመጥ ዋልኩ። የደረሰብኝን አይታችሁልኛል?

ከሰዓት በኋላ ድምፅ የለም። ሁለቴ ሄጄ አዳመጥኩ። የለም!

ወጥታለች። ተመስገን። ዛሬ እራት በደንብ በላሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

አልወጣችም። አንጀቱን ቁራ ወስዶታል።

ዛሬ መቧጠጧ ዝግ ያለ ነው። ትንሽ ትቧጥጥና ብዙ ታርፋለች። እንጨቱን ነቅንቄ አየሁት፣ መሀል መንገድ ላይ ተቀርቅሯል። ግንበኛው ያዝረከረከው ሲሚንቶ ደርቆ ክፍተቱን አጥብቦታል መሰለኝ። ስትወድቅ እንደምንም አልፋለች፣ ስትመለስ አልሆነላትም።

«በይ እንጂ፣ በይ እንጂ» እያልኩ ግድግዳ ሳናግር ዋልኩ። ሰው ቢያየኝ አማኑኤል ይወስደኝ ነበር።

ለእትዬ ራሕመት ልንገራት? የውጆው ዳኛ እሷ ናት። ጃጁራ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ነው ያረጀችው፣ ጥቅሉን ሳትፈታ የስንት ቀን ቅቤ እንደሆነ ትነግርሻለች። ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ደግሞ አነሳሁ። ምን ብዬ? ቅቤያችሁ አጠገብ አውሬ እየሞተ ነው፣ የዘጋሁባትም እኔ ነኝ ልበላት? በልጅነቴ አንዲት ሴት የውጆ ቅቤ አበላሸች ተብሎ እስክትሞት ድረስ ስሟ «ቅቤ ያበላሸችው» ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስሟን እኔ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አስቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ዝም።

ጠዋት ዝም፣ ቀትር ዝም። በማማሰያ ግድግዳውን መታሁት። ምንም።

አዘንኩላት። ዶሮዬን የበላች ጠላቴ ናት፣ ግን አዘንኩላት። ከዚያ ደግሞ ለራሴ አዘንኩ።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ዝንቦች መጥተዋል። ትልልቆቹ፣ አረንጓዴዎቹ። ሽታው ገና ቀጭን ነው፣ ሲመጣም ሲሄድም ይታወቃል። ጓዳ ስገባ የለም፣ ልወጣ ስል ከኋላዬ ይይዘኛል።

ዛሬ የሞከርኳቸው፦ በረኪና። አመድ። ሎሚ ቆርጬ በየማዕዘኑ። ጤና አዳም አስሬ ሰቀልኩ። የጥድ ቅጠል አጨስኩ፤ ጭሱ ራሱ ቅቤው ውስጥ ቢገባስ ብዬ መልሼ አጠፋሁት። ከላይ በቀዳዳው አንድ ባልዲ አመድ ደፋሁ። የወረደው ግማሹ ነው፣ ግማሹ ፊቴ ላይ ተመለሰ።

ቅቤውን መኝታ ቤት አዛወርኩ። በር ዘጋሁ። ግን ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው፣ ምን ያህል ይሸሻል? ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። አንዱ ያለበት መሰለኝ፣ እንደገና ሳሸተው የለበትም። አፍንጫዬ ከድቶኛል። ሻይ ጠጣሁ፣ ሻዩም ሸተተኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ለሁለት ዶሮ ብዬ!

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

እማማ ኤርጎጌ መጣች። ከሁሉም ሰው እሷ!

እማማ ኤርጎጌ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር የውጆአችን ታላቅ ናት። አንድ ልጇ ታምራት ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ። ረቡዕ ይመጣል። ላሟ ወተት ያቆመችው ሐምሌ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከሰው እየተለማመጠች ድርሻዋን አንድም ሳምንት አላጎደለችም። «ለታምሬ ቆጮ በቅቤ» ትላለች፣ ሌላ ወሬ የላትም።

በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ቆጮ ነው እማማ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ዛሬ ከጉድጓድ አውጥቼ ነው።»

አየችኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት! ለሷ ስለ ቆጮ ሽታ መዋሸት ለዓሣ ስለ ውኃ መዋሸት ነው።

«እንግዲህ ቆጮ ከሆነ ቆጮ ነው» አለችና ተቀመጠች። ውኃ ጠጣች። ስለ ታምራት አወራች፤ እንደወፈረ፣ በስልክ ድምፁ እንደተለወጠ፣ የሰው አገር ምግብ ሆዱን እንዳበላሸው። ስትወጣ እጄን ይዛ «ሰላም ነሽ ግን?» አለችኝ። ሰላም ነኝ አልኩ።

ከሄደች በኋላ ጓዳው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማርቆስ ጋ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ይሻላል። ቢያነሳ «እንዳትነኪ» ነው የሚለኝ።

ነገ እነካዋለሁ።

እሑድ፣ መስከረም 11

ከጸሎት እንደተመለስኩ ጋሽ መኮንንን ጠራሁ። መዶሻና መሮ ይዘው መጡ። «ሳስተምር ያልሠራሁትን ጡረታ ወጥቼ» እያሉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው አስረው ከውጪ በኩል፣ ከታች ብሎኬቱን መቱ። አንዱ አልወጣም ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛው ወጣ። የወጣውን ሽታ አልጽፈውም። ጋሽ መኮንን ዞር ብለው አስመለሱ። እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አላስመለሰኝም።

እዚያው ነበረች። አመዴ ተነስንሶባት፣ ረጅሙ ዥንጉርጉር ጭራዋ ተጠቅልሎ። በአካፋ አወጣኋት። ያኔ ነው ጭቃውን ያየሁት። ወደ ጓዳዬ በኩል፣ ልክ ቅቤው በተቀመጠበት ከፍታ፣ በጥፍሯ ቆፍራ ቆፍራ ዋሻ አውጥታለች። እጄን ሰደድኩበት። ከጓዳዬ የለያት የአንድ ጣት ውፍረት ጭቃ ነው። አንድ ጣት! ትንሽ ብትቆይ የቅቤው መደርደሪያ ላይ ትወጣ ነበር። የፊት ጥፍሮቿ አልቀዋል።

እኔ ደግሞ በዚህ ወገን ቆሜ «በይ እንጂ» ስላት ነበር። በጓዳ በኩል አንድ ጊዜ በመጥረቢያ ብመታው ኖሮ ትወጣ ነበር። ብመታው ኖሮ። ግድግዳውን ፈርቼ፣ ባሌን ፈርቼ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ።

ከእንሰቱ ማሳ ጥግ ጥልቅ አድርገን ቀበርናት። ቀዳዳውን በኖራ አጥቤ ክፍት ተውኩት፣ ይናፈስ።

ማርቆስ በመጨረሻ ተገኘ። ሁሉን ነገርኩት። «ስንት ብሎኬት?» አለኝ።

ሁለት።

ሰኞ፣ መስከረም 12

የውጆ ሴቶች መጡ፣ ገና ሳይቀመጡ ተናገርኩ። አንዳቸውም ነጠላቸውን ሳያወርዱ። ሸለምጥማጧን፣ ጭቃውን፣ የቆጮውን ውሸት፣ ሁሉን። እማማ ኤርጎጌ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሌሎቹ ጉርምርም አሉ። አበባ የምትባለዋ «ለካ ለዚህ ነው በሩን የማትከፍተው!» አለች።

እትዬ ራሕመት ጥቅሎቹን አስወጣች። ደጅ፣ ንጹሕ አየር ላይ። አንድ በአንድ ፈታች፣ አሸተተች፣ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ሰባቱን በአንድ ወገን አደረገች፣ ሁለቱን በሌላ ወገን።

«እነዚህ ሽታ ይዘዋል» አለች።

«የኔ ይሁኑ» አልኩ ወዲያው። «ሁለቱም። የኔ ድርሻ አንዱ ነው፣ የሁለተኛውን በጥር እተካለሁ። እናንተ ሰባቱን...»

«ውጆ ላይ የኔ ይሁን የለም» አለችኝ ቆጣ ብላ። «እኔ ዳኛ ሆኜ ላንቺ ብቻ የሸተተ ቅቤ ሰጥቼ እማማ ድግስ ላይ ንጹሑን ልበላ? ትርፉም ጉዳቱም የጋራ ነው። እንዲህ ነው የተረከብነው። ገበቴ አምጪ።»

አልገባኝም ነበር። ገበቴውን ሳመጣ ገባኝ። ዘጠኙንም ገለበጠችው። ሰባቱን ደህና ቅቤ ከሁለቱ ጋር! «አረ በአላህ እትዬ ራሕመት!» ብዬ ጮህኩ፣ እኔ ጴንጤዋ። አበባም ጮኸች። ራሕመት እጅጌዋን ሰብስባ ለወሰችው፤ በቀዝቃዛ ውኃ አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው። ከዚያ እኩል እኩል ቆረሰች።

አሸተትኩት። አለበት። ትንሽ ነው፣ ግን አለበት፣ በሁሉም። የአንዲት ሞኝ ሴት ጥፋት ለዘጠኝ ቤት እኩል ተካፈለ።

ማንም አልተሳደበም። አበባ ድርሻዋን ወስዳ ሳትሰናበተኝ ወጣች። እማማ ኤርጎጌ የሷን በኮባ ስትጠቀልል አጠገቧ ተንበረከክሁ። እማማ፣ የታምራት ቅቤ፣ አልኳት።

«ተነሽ» አለችኝ። «ቅቤ ነው።»

ግን ዓይኗን አየሁት።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ትላንት አልጻፍኩም። አልቻልኩም። የመኪና ጡሩምባ፣ እልልታ፣ እማማ ኤርጎጌ ሰፈር ድንኳን ተጥሏል። ሁሉም ሄደ። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ምን ፊት ይዤ? ልጁ ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ መጀመሪያ የሚጎርሰው ያንን ቅቤ ነው። ሌሊቱን በሙሉ ሲተፋው በሐሳቤ እያየሁ አደርኩ።

ዛሬ ጠዋት ማርቆስ ገባ። ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ተጎንብሶ ቀዳዳውን አየ፣ የጥፍሯን ዋሻ አየ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ራሱን ነቀነቀና ቁርስ አለ ወይ አለኝ።

ቁርስ ሳቀርብ በሩ ተንኳኳ። እማማ ኤርጎጌ ናት። ጉልበቷ እያመማት፣ በእንግዳ የተሞላ ቤቷን ትታ፣ በእግሯ።

«ለምን አልመጣሽም?»

«በላ?» አልኩ።

«መጀመሪያ አሸተተው።»

ማርቆስ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«ደግሞ አሸተተው። ከዚያ በላ። ድስቱን ጠርጎ በላ። እዚያ ቅቤ ብለው የሚሸጡት ምንም አይሸትም፣ እማ፣ አለኝ። ይሄ ቤት ቤት ይላል አለኝ።»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፣ ደረቷ ላይ ወደቅሁ፣ እሷም እንደ ሕፃን ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ።

«እንዳትነግሪው ብቻ» አለችኝ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ዞር ብላ። አሁን አትስቅም። «እስኪሄድ ድረስ።»

ተመልሶ የሚሄድ መሆኑን እስካሁን ለማንም አልነገረችም ነበር።