ሴቶቹ ያስቆረጡት ጽሑፍ

ለምወድሽ ልጄ ለቬልማ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ካንሳስ ዘንድሮም ዝናብ የለም። መልስሽ ባይደርሰኝም የፖስታ ቤቱ ሰው አድራሻሽ ትክክል ነው ይለኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ከሆሊውድ የሚመጣውን ፊልም ከተማው ከማየቱ በፊት አይተው ነውር ያሉትን ያስቆርጣሉ፤ አሁን እኔንም ጨምረውኛል። ማክሰኞ ያየነው አሠሪዋ ስለደፈራት ልጅ ነበር። ፊልሙ ድምፅ የለውምና ለእናቷ የምትነግርበት ቃል በጽሑፍ ሸራው ላይ ወጣ። ማንበብ ለብቻዬ የተማርኩት ከዚያው ሸራ ነውና ቶሎ አነበብኩት።

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ፔቲቦን፣ «ይሄማ ይቆረጥ!» አሉ።

«ታዲያ በኋላ ለምን እንደምታለቅስ በምን ይታወቃል?» አልኳቸው።

«ጥርሷን አሟት ነው በያቸዋ፣ ኦርፋ!»

ሴቶቹ ሳቁ። «አይቆረጥ» ብዬ እጄን ያነሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተቆረጠ።

አንቺም ያን በጋ ከአሠሪዎችሽ ከክሮሎች ቤት ከሥራ ስትመለሺ፣ ገና አፍሽን ሳትከፍቺ ቀሚስሽን ተቀብዬ አጠብኩት። «ሰው እንዳይሰማ» አልኩሽ። ሰኞ ወደዚያው ቤት መልሼ ላክሁሽ።

ባቡሩ አሁን ሐሙስም እዚህ ይቆማል። መምጣቱ ካልተመቸሽ የፈለግሽውን ጻፊልኝ፤ ምንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

እግዚአብሔር ካለሽበት ይጠብቅሽ።

እናትሽ ኦርፋ