መጋረጃው እስኪሰቀል

ውድ አባባ፣

ጉልበትዎ ሻል እንዳለው ልጅዎ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ጤናዎን ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ይህንን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘግቻለሁ። ወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ልጅዎ ለነርስነት ሥልጠናዋ ለስምንት ወር ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ሁለቱን ልጆቻችንንና ቤቱን እኔ እይዛለሁ አልኩ። የስፌት መኪና የምጠግነው እዚሁ ቤት፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። እህቴ “በሁለት ሳምንት ልጆቹን አምጥተህ እኔ ላይ ትጥላቸዋለህ” ብላ ስትስቅብኝ እልህ ያዘኝ። ጠዋት አልጋ፣ ከዚያ ሳህን፣ ከዚያ ወለል፣ ከዚያ ልብስ። ወለሉ ፊት ያሳይ ነበር። ደንበኞቼ “ይሄን ሁሉ አንተ ነህ?” ሲሉኝ “ሌላ ማን አለ?” እላለሁ፣ አፌን ሞልቼ።

እርስዎ ለአምስት ሳምንት ላግዝህ ልምጣ ሲሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ደነገጥኩ። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶብስ የነዱ ሰው ቤቴን በደቂቃና በሴኮንድ የሚፈትሹ መስሎኝ ከበሩ ጀርባ ሳይቀር ወለወልኩ። እርስዎ ግን ጫማዎን አውልቀው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ሳይቀርብ የአራት ዓመቷ ልጄ እያዜመች እላይዎ ላይ ወጣች፤ “ይቺ ጥንዚዛ ናት” አሉ፣ ስሟም በዚያው ቀረ። ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ታናሿንም ድቡሽ አሉት።

በማግስቱ እየተኮስኩ ሳለ ድቡሽ ሱሪዬን ይዞ ጎተተኝ። “ቆይ” አልኩት። ዞር ብሎ ለአሻንጉሊት መኪናው ጣቱን ቀስሮ “ቆይ” አላት። “ይኸው የመጀመሪያ ቃሉ፤ ከአባም ከእማም በፊት” ብዬ ሳቅኩ። እርስዎ አልሳቁም። ብርጭቆዎን አስቀምጠው ልጁን ብድግ አድርገው አቀፉት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ያበላሹብኝ ጀመር፤ ለእኔ እንደዚያ ነበር የታየኝ። ድንች ሲልጡ ልጆቹ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ አንዱ ድንች ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ያጣጠፉትን ልብስ ድቡሽ ይበትነዋል፣ እርስዎ “እሺ ጌታዬ፣ እንደገና” ይሉታል። ጥንዚዛ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ምድጃውን አጥፍተው በር ላይ ይቀበሏታል። “ተሳፋሪዬ መጣች። ወዴት ነዎት?” ይሏታል። ምሳችን ይዘገያል፣ እኔ ቆሽቴ ያርራል።

የሐሙሱን ነገር እርስዎም አይረሱትም። የጠገንኩትን የስፌት መኪና ለባለቤቱ አድርሼ ስመለስ ኮሪደሩ በውሃ ተጥለቅልቋል። እርስዎ ሱሪዎን ጠቅልለው፣ ልጆቹ እስከ ፀጉራቸው አረፋ ሆነው፣ ሦስታችሁም ካልሲ ታጥባላችሁ። ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ ወለል ላይ ፈትቼ የተውኩትን የአንዲት ልብስ ሰፊ ሞተር አርሶታል። ደሜ ፈላ። “አባባ፣ ሊያግዙኝ ነው የመጡት ወይስ ሥራ ሊጨምሩብኝ? ይሄ የሰው አደራ ነው። መጫወት ካማረዎት የራስዎ ቤት አለልዎ” አልኩ። በልጆቼ ፊት፣ በዚያ ድምፅ። የጥንዚዛ ዜማ ቀጥ አለ።

“አጥፍቻለሁ” ብቻ አሉኝ። ከዚያ ጨርቅ ይዘው፣ በዚያ በሚያምዎት ጉልበት፣ ተንበረከኩ።

ልጆቹ ከሰዓት ሲተኙ ሞተሩን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ስጠራርግ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

“የሚስትህ ግራ ጆሮ ለምን እንደማይሰማ ነግራህ ታውቃለች?”

“ከልጅነቴ ነው ብላኛለች።”

“አዎ፣ ከልጅነቷ ነው። እናቷ በሞተች በዓመቱ ነው፤ አምስት ዓመቷ ነበር። እኔ ከአውቶብሱ ስወርድ ቤት ሳጸዳ ነው የምውለው። ሰፈርተኛው ሴት ያለችበት ቤት ይመስላል ሲለኝ ደረቴ ይነፋል። አንድ የእረፍት ቀኔ ላይ መጋረጃ ሳጥብ መጥታ አባዬ አለችኝ፤ መጣሁ አልኳት። ተመልሳ መጣች፤ ይሄን ልስቀልና አልኳት። ሦስተኛ አልመጣችም። እኔም ተመስገን፣ ጨዋታ ያዘች ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰቅዬ ስጨርስ አልጋው ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። እንደ እሳት ትፋጃለች፣ ከጆሮዋ የወጣው ፈሳሽ ትራሱን አርሶታል። ስንት ቀን አሟት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ፣ ቀደም ብለህ ብታመጣት ኖሮ አለኝ።”

ከዚያ ሞተሩን አገላብጠው አዩና “ይሄኛው ይደርቃል” አሉኝ።

እውነትም ደረቀ። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረን በልተን ጠጥተን ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አውቶብስ ተራ ስሸኝዎትም ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ “ውሃ ይዘዋል?” አልኩዎት።

ከሄዱ በኋላ ነገሩን ለልጅዎ በስልክ አነሳሁባት። “አባቴ ነገረህ?” ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፍልዎ። “ያቺን ቀን ብዙም አላስታውሳትም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አባቴ ሁሌ በቀኜ በኩል ነበር የሚቀመጠው። ስንበላም፣ ስንሄድም በቀኜ። ሰው ቤታችሁ ተዝረከረከ ይለው ነበር፤ እሱ ሽንኩርቱን እየከተፈ፣ ቀጥይ፣ ከዚያስ ይለኛል። የዋልኩበትን ሳልነግረው የተኛሁበት ቀን የለም። በሽተኛ ሲያወራኝ የማልቸኩለው ከእሱ ተምሬ ነው።”

ይህንን ለእርስዎ ነግራዎት እንደሆነ ጠየቅኳት። “የሚያውቀው መስሎኝ” አለች። እኔ አያውቁትም ብዬ ጠረጠርኩ።

ሌላም የምነግርዎ አለ። ባለፈው ሰኞ ጥንዚዛ ከትምህርት ስትመለስ መፍቻዬን አስቀምጬ ከእሷ ጋር ድንች ልላጥ ተቀመጥኩ። ገና ያላለቀ የሁለት ደንበኛ ሥራ ነበረብኝ፣ ሳህኑም እንደተከመረ ነው። ስለ ጫማዋ አወራችኝ፣ ስለ አንዲት ድመት አወራችኝ። ሦስተኛው ድንች ላይ ስንደርስ “አባዬ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ቢዘጉብህ ምን ታደርጋለህ?” አለችኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሁለት ተለቅ ያሉ ልጆች ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ትምህርት ቤት በሩን ከውጭ እየቀረቀሩ ሲዘጉባት ኖሯል። ሽንት እንዳይመጣባት ብላ ውሃ መጠጣት ትታለች። እኔ ደግሞ ሳይነካ የሚመለሰውን የውሃ ኮዳዋን በየቀኑ እያጠብኩ እደረድር ነበር። በማግስቱ ሄጄ መምህሯን አነጋገርኩ። ደንግጣ፣ የበሩ መቀርቀሪያ እዚያው እኔ ፊት እንዲነቀል አደረገች፤ ልጆቹንም ጠርታ አናገረቻቸው። ትናንት ኮዳው ባዶውን መጣ።

ሙሉ ሰው ሆንኩ አልልዎትም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ድቡሽ የብሎን ሳጥኔን ሲደፋው ጮኼበታለሁ። ወለሉም ፊት ማሳየቱን ከተወ ሰንብቷል፤ እህቴ መጥታ አይታ “እኔ ምን ብዬህ ነበር” ብላኛለች።

አባባ፣ በልጆቼ ፊት ለተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ። አንድ አባት የራሱን ጥፋት ለሌላው አባት እንዲህ ገልጦ ማሳየት ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ይገባኛል፤ ከዚያ ስድብ በኋላ ለእኔ ያን ያደረጉልኝን ሰው ምን ብዬ እንደማመሰግን ግን አላውቅም። ልጅዎ በመጪው ወር ትመለሳለች። ያኔ ይምጡልን።

ትናንት ልጆቹን አስቀምጬ “አያታችሁን የተናገርኩት ልክ አልነበረም” አልኳቸው። ድቡሽ ጣቱን ይጠባል። ጥንዚዛ አይታኝ አይታኝ፣ “ታዲያ ለእሱ ንገረው እንጂ ለእኛ ምን ትነግረናለህ?” አለችኝ።

ይኸው ነገርኩዎት።

አክባሪዎ፣
የልጅዎ ባል